የ219 ዶላሩና የ30 ሺህ ፓውንዱ ስትሪመር

ዊም ፕሮ ፕላስ የምትባለው ስትሪመር ከመጽሐፍ ብዙም የማትበልጥ ሳጥን ናት፤ አሜሪካ ውስጥ በ219 ዶላር ተሸጣለች። የስኮትላንዱ ሊን ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክላይማክስ ዲኤስኤም ደግሞ ዋጋው 30 ሺህ ፓውንድ ነበር። ሁለቱም ሙዚቃን ከኢንተርኔት ወይም ቤት ካለ ሃርድ ዲስክ አምጥተው ለማጉያው ያቀብላሉ። አንድን ዘፈን በኢንተርኔት ሙዚቃ ከሚያቀርቡት ከኮቡዝ ወይም ከታይዳል በሙሉ ጥራት ሲጠይቁ የሚደርሳቸው ፋይልም ያው ነው፤ በአንዲት ቢት እንኳ አይለያይም። ታዲያ የዋጋው ልዩነት ከየት መጣ? ከፊሉ በጆሮ ሊሰማ የሚችል ነገር ነው፤ ከፊሉ የእጅ ሥራና የመልክ ነው። ትልቁና ሻጮች ብዙ የማያወሩለት ክፍል ግን ሶፍትዌሩ ነው፤ በተለይም የሶፍትዌሩ ዕድሜ።

መጀመሪያ የፋይሉን መንገድ እንከተል። ዘፈኑ በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ላይ አብዛኛውን ጊዜ በፍላክ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። ፍላክ ከ2001 ጀምሮ ያለ ዘዴ ሲሆን የፋይሉን መጠን ይቀንሳል እንጂ ይዘቱን አይነካም፤ ሲፈታ እያንዳንዱ ቢት እንደነበረ ይመለሳል። ስትሪመሩ ሲጠይቅ ፋይሉ በትናንሽ ጥቅሎች ተቆራርጦ ይላካል። መንገድ ላይ የጠፋ ወይም የተበላሸ ጥቅል ካለ ተቀባዩ ለይቶ ስለሚያውቀው እንደገና ያስልካል። የደረሰው ሁሉ በማህደረ ትውስታ ይጠራቀምና ከዚያ እየተቀዳ ይጫወታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ያለው ሰው ቧንቧውን ሲከፍት ውሃው ሳይቆራረጥ ይወርድለታል፤ የመንገዱ ውሃ ሌሊት መጣ ቀን መጣ ለቧንቧው ለውጥ የለውም። ስትሪመር ውስጥም እንዲሁ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ ሳይጠቀጠቅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ ከፍተኛው ባለ 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ ፋይል እንኳ ከ9.3 ሜጋቢት አያልፍም። ተራ የቤት ዋይፋይ ይህን በቀላሉ ይሸከማል። ስለዚህ ውድ የኔትወርክ ገመድ ቢቶቹን የተሻሉ ያደርጋል የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ የሚሻሻል ቢት እንደሌለ በሙሉ ልብ መናገር ይቻላል።

ቢቶቹ ሳይጎድሉ ደረሱ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በሲዲ ጥራት ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ በቁጥር ተመዝግቧል። ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠው መቀየሪያ እነዚህን ቁጥሮች ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ሲመልስ እያንዳንዳቸውን በትክክለኛው ቅጽበት መልቀቅ አለበት። ቅጽበቱ ወዲህና ወዲያ ካለ ሞገዱ ይዛባል፤ ባለሙያዎች ጂተር የሚሉት ይህን ነው። ሁለት ስትሪመሮችን ለማወዳደር የሚነሳ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህን ቅጽበት የሚወስነውን ሰዓት የያዘው ማን እንደሆነ ነው።

መቀየሪያው ስትሪመሩ ውስጥ ካለ፣ ለምሳሌ እንደ ሊን ክላይማክስ፣ እንደ ኔይም ኤንዲ 555 ወይም እንደ ዲሲኤስ ባርቶክ፣ ሰዓቱ ከመቀየሪያው አጠገብ ስለሚቀመጥ ነገሩ ቀላል ነው። መቀየሪያው ለብቻው ሆኖ ስትሪመሩ በዩኤስቢ ሲያቀብለው ደግሞ በዛሬዎቹ መሣሪያዎች የሚያዘው መቀየሪያው ነው፤ በራሱ ሰዓት እየተመራ ሲፈልግ ይጠይቃል፣ ስትሪመሩ ይታዘዛል። ሦስተኛው አገናኝ በኮአክሲያል ወይም በኦፕቲካል ገመድ የሚሄደው የቆየው ዘዴ ነው። በዚህኛው የስትሪመሩ ሰዓት ከድምፁ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ መቀየሪያው ከሞገዱ ውስጥ ሊያወጣው ይገደዳል። የስትሪመሩ ሰዓት ጥራት ትርጉም የሚኖረው በዋናነት እዚህ ነው፤ ያም ቢሆን ደህና መቀየሪያ የመጣለትን ጂተር አብዛኛውን ያጣራል። በዩኤስቢ የሚሠራ ጥሩ መቀየሪያ ያለው ሰው «ሰዓቱ ድንቅ ነው» ተብሎ ለስትሪመር ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ቢያወጣ ያ ሰዓት የሚሠራበት ቦታ አያገኝም።

የኤሌክትሪክ ረብሻ ግን የምር ነገር ነው። ስትሪመር ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮሰሰሩና ፓወር ሰፕላዩ የሚፈጥሩት ረብሻ በዩኤስቢው የመሬትና የ5 ቮልት መስመር ወደ መቀየሪያው ሊሻገር ይችላል። የፖርቱጋሉ ኢኑኦስና የደቡብ ኮሪያው ኦረንደር ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ይህንን ጸጥ በማሰኘት ላይ ነው። የኦረንደር መሣሪያዎች ዘፈኑን አስቀድመው ወደ ውስጥ ማከማቻ ገልብጠው ከዚያ ያጫውታሉ። ከሁሉም ደስ የሚለኝ መፍትሔ የሆንግ ኮንጉ ሉሚን በኤክስ 1 ላይ ያደረገው ነው፤ የኔትወርክ መግቢያው ፋይበር ይቀበላል፣ ፋይበር ደግሞ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ረብሻ የሚሻገርበት መስመር የለውም። ይሁንና ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠቅመው መቀየሪያው ራሱን መከላከል ሲያቅተው ነው። በደንብ የተሠራ መቀየሪያ ጋር ሲደርስ የሚቀረው ልዩነት ጆሮ ከሚሰማው በጣም ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

ይህን በሱቅ ውስጥ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የሁለቱን መሣሪያዎች የድምፅ ከፍታ በ0.1 ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ማስተካከልና የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያይ ማዳመጥ ይኖርበታል። በጥቂቱ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። በዓይን እያዩ የሚደረግ ውድድር ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ዋጋውንና የአሉሚኒየሙን ክብደት ነው።

መቀየሪያው ላይ ስንደርስ ገንዘቡ ሥራ ሲሠራ ይታያል። በካምብሪጅ እንግሊዝ በ1987 የተመሠረተው ዲሲኤስ ከገበያ የሚገዛ ቺፕ አይጠቀምም፤ ሪንግ ዳክ የሚባለውን የራሱን ዑደት ይሠራል። ሊንም በ2021 ኦርጋኒክ በሚል ስም የራሱን አምጥቷል። ኔይም በተቃራኒው በኤንዲ 555 ላይ ፒሲኤም 1704 የተባለውን አሮጌና ምርቱ የቆመ ቺፕ እየመረጠ ተጠቅሟል፤ ፓወር ሰፕላዩንም በሌላ ሳጥን ለይቶ አስቀምጧል። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ዝቅተኛ መዛባት ላይ ይደርሳሉ፤ የሚቀረው ልዩነት የምርጫና የጣዕም ነው፤ ለጣዕም መክፈል ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ባለ 24 ቢት ፋይል የሚለውን ምልክት ግን ዋጋ መተመኛ ማድረግ አይገባም። ባለ 16 ቢቱ ሲዲ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት አለው። ሜየርና ሞራን በ2007 ባሳተሙት ሙከራ አድማጮች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ከሲዲ ጥራት መለየት አልቻሉም፤ ጆሹዋ ራይስ በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ትንሽ ግን በስታቲስቲክስ የሚታይ የመለየት አቅም አገኘ። ከ1969 ጀምሮ በአምሃ ሪከርድስ የወጡትን ዓይነት ሸክላዎች የሚወድ የኛ አድማጭ ለዚህ ብሎ ባይከፍል አይጎዳም። በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የራሱ የጀርባ ጫጫታ ከሲዲው ወሰን እጅግ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ካሴትማ ከዚያም ይብሳል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንምጣ፤ ልዩነቱ በእርግጥ ትልቅ የሚሆነው እዚህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ 43 ኸርዝ ገደማ ያለ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይገነፍላል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ኖታ 44 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ ባሱ የሚዘፍነው ያህል ክፍሉም አብሮት ይዘፍናል፦ ግድግዳው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ያ ኖታ ሲያገሳ ይሰማል፣ መሃል ላይ የተቀመጠው ግን አጥቶት ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ 10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ጎን ሲታይ በሁለት ጥሩ ስትሪመሮች ጂተር መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር አይገባም።

ሊን ይህን ስለተረዳ ስፔስ ኦፕቲማይዜሽን የተባለ ሥራ በሶፍትዌሩ ውስጥ አስገብቷል። የክፍሉን ስፋት፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራና ስፒከሮቹ የት እንዳሉ ትነግሩታላችሁ፤ የሚገነፍለውን ድምፅ አስልቶ ይቀንሰዋል። ሩን የተባለው ሶፍትዌርም በሌላ መሣሪያ ተለክቶ የተዘጋጀ ማስተካከያ ይቀበላል። የ219 ዶላሯ ዊም በስልክ ማይክሮፎን ለክታ ማረም ትችላለች፤ የስልክ ማይክሮፎን ደካማ ስለሆነ ውጤቱ ግምታዊ ቢሆንም። ባርቶክ ግን በ2018 ሲወጣ 10 ሺህ ፓውንድ ገደማ ቢያስከፍልም ክፍሉን አያርምም፤ ቢቶቹን ሳይነካ ማድረስ ነው ዓላማው። ንጽህናውን አከብራለሁ፤ ለተራ ሳሎን ግን ክፍሉን የሚያርመውን እመርጣለሁ።

የሶፍትዌሩ ዕድሜ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ስሊም ዲቫይስስ የተባለው ትንሽ ኩባንያ በ2003 ስክዊዝቦክስ የተባለውን ስትሪመር አወጣ፤ ሎጂቴክ በ2006 ኩባንያውን ገዛው፣ በ2012 ምርቱን አቆመ፣ የኢንተርኔት አገልግሎቱንም በ2024 ዘጋ። ሆኖም ለሳጥኖቹ ሙዚቃ የሚያቀብለው የሰርቨር ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ በፈቃደኞች እጅ ሊሪየን በሚል ስም ይኖራል፤ የ20 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሳጥኖች ዛሬም ይዘፍናሉ። የጉግል ክሮምካስት ኦዲዮ ታሪክ ሌላ ነው። በ2015 ወጣ፣ በ2019 መጀመሪያ ምርቱ ቆመ፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ ውስጡ ያለ ዲጂታል ሰርተፊኬት ጊዜው ስላለፈ ደህና የነበሩ መሣሪያዎች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። ጉግል ከቀናት በኋላ አስተካከለው እንጂ ባያስተካክለው ባለቤቱ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። የስፒከር አምራቹ ሶኖስም በግንቦት 2024 አፑን ሲለውጥ ሰዎች የለመዷቸው ብዙ ነገሮች ጠፉ፤ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በጥር 2025 ከኃላፊነት ለቀቀ። ኤምኪውኤ በተባለው የድምፅ መጠቅጠቂያ ዘዴ ምልክት ተማርከው የገዙም አሉ፤ ባለቤት ኩባንያው በ2023 ከሰረ፣ ታይዳልም በ2024 ወደ ፍላክ ዞረ።

ጥሩ መቀየሪያና ጥሩ ማጉያ ለ20 ዓመት ያገለግላሉ። ከኢንተርኔት ጋር የሚነጋገረው ክፍል ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ ያረጃል ብዬ እገምታለሁ። ሁለቱን በአንድ ሳጥን የሚያስር አምራች ቶሎ የሚያረጀውን እንዴት እንደሚያድስ ማሳየት አለበት። ሊን በ2016 ካታሊስት የተባለውን መቀየሪያ ለቀድሞ የክላይማክስ ባለቤቶች በማሻሻያነት አቅርቧል፤ ዲሲኤስም በ2022 ሮሲኒና ቪቫልዲ ለተባሉት መሣሪያዎቹ ባለቤቶች ኤፔክስ የተባለውን ማሻሻያ አቅርቧል፤ ሁለቱም በክፍያ። ውድ ዋጋን ሙሉ በሙሉ ትክክል የሚያደርግ ምክንያት ቢኖር ይህ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው አምራች ከሆነ ግን ርካሽ ስትሪመር ከጥሩ መቀየሪያ ጋር አገናኝቶ የተረፈውን ለስፒከር ማዋል ይሻላል፤ ስትሪመሩ ሲያረጅ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል።

አዲስ አበባ ላለ ገዢ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሙዚቃውን ራሱ ውስጥ የሚያከማች መሣሪያ ኮምፒውተር ስለሆነ መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይሎቹ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። ሶፍትዌሩ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ሩን በ2022 ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትን ግዴታ በማድረጉ ብዙ ተጠቃሚዎቹን አስቆጥቷል። የዘፋኞቻችን ስም በላቲን ፊደል በየአልበሙ በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ አንድ ድምፃዊ ስብስቡ ውስጥ እንደ ሦስትና አራት ሰው ሊበተን ይችላል። ሩን የተበተኑትን ስሞች አንድ ላይ ለማጣመር ያስችላል፤ ብዙዎቹ የአምራቾች አፖች ግን ፋይሉ ላይ የተጻፈውን እንዳለ ስለሚያሳዩ፣ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር የካሴቶች ቅጂ በሃርድ ዲስክ ያጠራቀመ ሰው ከመግዛቱ በፊት የራሱን ፋይሎች ይዞ ሄዶ አፑ ላይ ቢሞክር ጥሩ ነው።