የተቋረጠ ልምምድና ያልተሳካ ትራያትሎን፦ የሚባለውና እውነቱ

ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት አከታትሎ የሚያስጨርስ ውድድር ነው። በኦሊምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ የተጀመረው አይረንማን ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና አንድ ሙሉ ማራቶን ይጠይቃል። ሥራና ቤተሰብ ይዞ ለዚህ የሚዘጋጅ ሰው ለወራት ያወጣው ፕሮግራም አንድ ቀን ሳይጎድል ከዳር ይደርስለታል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ጉንፋን ይጥለዋል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ የሥራ ፈረቃው ይቀየራል፣ ልጅ ይታመምበታል። የውድድሩ ቀን ሲደርስ ሰዓቱ ካሰበው በብዙ ይዘገያል፤ ወዲያውም ማብራሪያው ከየአቅጣጫው ይዥጎደጎዳል፦ «ሁለት ሳምንት ተኝቶ የለፋበት ሁሉ ጠፋ»፣ «ወኔ አነሰው»፣ «ያመለጠውን ቶሎ ማካካስ ነበረበት»፣ «ድሮም ለዚህ አልተፈጠረም»። አራቱም በቅን ልቦና የሚነገሩ ናቸው። አራቱም ግን ከማስረጃው ጋር አይገጥሙም፤ ይባስ ብሎም ከውድድሩ ሊገኝ የሚችለውን ትምህርት ይጋርዳሉ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ቀኑን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የልምምዱ መቋረጥ ብቻውን አይደለም፤ ልምምዱ እንዳልተቋረጠ ተቆጥሮ በመጀመሪያው ዕቅድ መወዳደሩ ነው።

ዕረፍት ሁሉን ነገር ከዜሮ ያስጀምራል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ተስፋ እንዲቆርጥ አድርጓል። አሜሪካዊው የስፖርት ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በጽናት ስፖርት በደንብ የሠለጠኑ ሰዎችን 84 ቀን ሙሉ ልምምድ አስቁመው ሰውነታቸውን ተከታተሉ። ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በ7 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በስምንተኛው ሳምንት ቅናሹ 16 በመቶ ደረሰና እዚያው ረጋ። ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅንን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመነጩት ኢንዛይሞች ከዚህ በባሰ ፍጥነት ወረዱ። በጡንቻው ውስጥ የተዘረጉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግን ከ84 ቀን በኋላም አልሳሱም፤ ሠልጥነው ከማያውቁ ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ በግማሽ ያህል በልጠው ተገኙ። እንግዲህ ለሦስት ወር እግሩን ያላንቀሳቀሰ ስፖርተኛ እንኳ ወደ ዜሮ አልተመለሰም። አሥር ቀን በጉንፋን የተኛ ሰው «ሁሉም ጠፋ» ብሎ ራሱን የሚቀጣበት ምክንያት የለም። የሚጠቅመው ጥያቄ ምን እንደሄደና ምን እንደቀረ መለየት ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ነው፤ ፕላዝማ የሚባለው። ያው የኮይል ቡድን በ1986 እንዳሳየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ልምምድ ሲቆም የደም መጠን በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ልብም በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል። ተመራማሪዎቹ ያንን የጎደለ ፈሳሽ በመርፌ ሲተኩት ከጠፋው ዐቅም ብዙው ወዲያው ተመለሰ። ይህ ግኝት ለውድድር ቀን ትልቅ ትርጉም አለው። ከዕረፍት የተመለሰ ሰው እግሩ ቀላል፣ ጡንቻው ትኩስ ሆኖ ይሰማዋል፤ መነሻው ላይ ቆሞ ዝግጁ ነኝ ቢል አይፈረድበትም። በደም ሥሩ የሚዘዋወረው ደም ግን አንሷል፤ ስለዚህ በለመደው ፍጥነት ሲሄድ ልቡ ከለመደው በላይ ትመታለች። ፀሐይ ሲከርር ደግሞ ያው ያነሰ ደም ለጡንቻም ለቆዳም መድረስ አለበት፤ በላብ የሚወጣውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። በመጀመሪያው ሰዓት ምንም ያልመሰለ ነገር በሦስተኛው ሰዓት አፍጥጦ ይመጣል።

ስለዚህም «ሰውነት የለመደውን አይረሳም፣ ወኔ ካለ ይወጣዋል» የሚለው ተቃራኒው እምነት ከመጀመሪያው ያልተሻለ ስሕተት ነው። እንዲያውም ይበልጥ አደገኛ ነው እላለሁ፤ የመጀመሪያው ሰውን ቤቱ ያስቀራል፣ ይኸኛው ግን በ30ኛው ኪሎ ሜትር መንገድ ዳር ያስቀምጣል። ዋናተኞች ላይ የተሠራ አንድ የ1987 ጥናት ከአራት ሳምንት ዕረፍት በኋላ የክንዳቸው ጥንካሬ ባይቀንስም ውኃ ውስጥ የሚያወጡት ኃይል በ13 በመቶ ገደማ እንደወረደ አሳይቷል። ጉልበቱ አለ፤ ውኃውን የሚይዝበት ስልት ግን ደብዝዟል። ሯጮችን በተመለከተ ደግሞ በ2022 የታተመና ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ የማራቶን ሯጮችን የልምምድ መረጃ የተመለከተ ጥናት አለ። ከውድድሩ በፊት ባሉት 12 ሳምንታት ውስጥ ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ልምምድ ያቆሙ ሯጮች፣ እነዚያው ሰዎች ብዙ ሳያቋርጡ ከሮጡበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸሩ ከ5 እስከ 8 በመቶ ዘገዩ። በአራት ሰዓት ለሚጨርስ ሰው ይህ ከ12 እስከ 19 ደቂቃ ነው። ወደ ውድድሩ ቀን የተጠጋ መቋረጥ ከራቀው ይልቅ ጎድቷል፤ ፈጣኖቹም ከዘገምተኞቹ የበለጠ ከፍለዋል። ወኔ እነዚህን ደቂቃዎች አይመልስም። አስቀድሞ ያወቃቸው ሰው ግን ዕቅዱን በልካቸው ሊያስተካክል ይችላል፤ ያላወቀው ሌላ ብዙ ደቂቃ ይጨምርባቸዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ስለሆነ በቁጥር ላሳየው። አንዲት ተወዳዳሪ የኦሊምፒኩን 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ልትጋልብ፣ አሥሩን ኪሎ ሜትር ደግሞ እያንዳንዱን በስድስት ደቂቃ ልትሮጥ አቅዳ ነበር እንበል። ከአምስት ሳምንት በፊት ታማ ልምምዱን አቋረጠች። በሜዳማ መንገድ ላይ ብስክሌተኛን በዋነኛነት የሚያዘገየው አየር ነው፤ አየሩን ሰንጥቆ ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ስለዚህ ኃይሏን በ10 በመቶ ብትቀንስ ፍጥነቷ የሚቀንሰው ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነው፤ 80 ደቂቃ የሚፈጀው ጉዞ 83 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የጥንቃቄው ዋጋ ሦስት ደቂቃ ነው ማለት ነው። ያቺን ሦስት ደቂቃ ላለመክፈል ብላ በድሮው ኃይል ብትጋልብና በሩጫው አጋማሽ እግሯ አልታዘዝ ብሎ የመጨረሻውን አምስት ኪሎ ሜትር በአሥር በአሥር ደቂቃ በእግር ብትጨርሰው፣ በ30 ደቂቃ የሚያልቀው መንገድ 50 ይወስድባታል። ሦስት ደቂቃ ለማዳን ሃያ ደቂቃ ሄደ። ጓደኞቿ የሚያዩት ስትራመድ ነው፤ ስለዚህም «ሩጫዋ ደካማ ነው» ይላሉ፣ እሷም ታምናቸዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ሩጫ ላይ ብቻ ትለፋለች። ጉዳቱ ግን የደረሰው ብስክሌቱ ላይ፣ ያውም ጥሩ ስሜት በሚሰማት ሰዓት ነው።

«ያመለጠውን ማካካስ ነበረበት» የሚለው ምክር ያመለጠን ልምምድ እንደ ዕዳ ስለሚቆጥር ይስታል። ልምምድ ሰውነትን የሚገነባው በሥራና በዕረፍት ተራ በተራ ነው፤ የሁለት ሳምንትን ሥራ በአንድ ሳምንት ማጨቅ ዕረፍቱን ያጠፋል። ልብና የደም ዝውውር በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን አዲስ ጫና ለመልመድ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋሉ። ትንፋሹ ስለተመለሰለት ብቻ ሩጫውን በአንድ ጊዜ የሚያከማች ሰው አንዱን መቋረጥ በሌላ መቋረጥ ይተካል። ደግነቱ ማካካስ አያስፈልግም። ሮበርት ሂክሰን የተባለው ተመራማሪ በ1980ዎቹ ባደረጋቸው ተከታታይ ጥናቶች በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ወደ አራት፣ እንዲያም ሲል ወደ ሁለት ቀን ሲወርዱ፣ የሥራው ክብደት እስካልቀነሰ ድረስ ከፍተኛውን የኦክስጅን ዐቅማቸውን ለ15 ሳምንታት ጠብቀው ቆይተዋል። ክብደቱ ሲቀል ግን ዐቅሙ ወረደ። ሥራ የበዛበት ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትልቅ እፎይታ ነው፦ በተጨናነቀ ሳምንት ሁለት አጭርና ጠንካራ ልምምድ ከምንም በእጅጉ ይሻላል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ማካካስ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። በ2007 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና የተሻለ ውጤት የሚገኘው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ፍጥነቱን ጠብቆ የልምምዱን መጠን ከ41 እስከ 60 በመቶ በመቀነስ እንደሆነ አሳይቷል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ቀነኒሳ በቀለ ጉዳት እየደጋገመ ካስቸገረው በኋላ በ2019 በርሊን ማራቶን ላይ 2:01:41 ገብቶ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ አልዘገየም ወይ? ጀርመናዊው ያን ፍሮዴኖ በ2017 ኮና ላይ በተካሄደው የሃዋይ አይረንማን ወገቡ ይዞት ማራቶኑን በከፊል በእግሩ ሄዶ ጨርሶ፣ በ2018 በአጥንት ስንጥቅ ከውድድሩ ቀርቶ፣ በ2019 በ7:51:13 የቦታውን ክብረ ወሰን አልሰበረም ወይ? ሰብሯል። ታሪካቸውን ግን ሙሉውን እናንብበው። ቀነኒሳ ከዚያ ድል በፊት የ2017ቱን በርሊንና የ2018ቱን አምስተርዳም አቋርጦ ወጥቷል። በድሉ ቀንም ቢሆን ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ መሪዎቹ ጥለውት ሲሄዱ አብሮ አልተፈተለከም፤ በራሱ ልክ ቆይቶ፣ ሰውነቱ ሲመለስለት ብርሃኑ ለገሰን ደርሶ አለፈው። በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ቀርቶ አንዲት ሜትር መልቀቅ ሽንፈት በሚመስልበት ውድድር እንዲያ መታገሥ ትልቅ ብስለት ይጠይቃል። ፍሮዴኖም በ2018 አጥንቱ ተሰንጥቆ ሳለ በወኔ አልተነሣም፤ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች የሚያስተምሩን ሰውነት በዚያ ቀን ያለውን ዐቅም ማክበርን ነው። ደግሞም ከመቋረጥ ተመልሰው ያሸነፉትን ስናወራ፣ በዚያው መንገድ ሄደው የተሰበሩትን ስማቸውን የሚያነሣ የለም፤ ስለዚህ ከድል ታሪኮች ብቻ ሕግ ማውጣት አይቻልም።

ሌላው ተቃውሞ ግብን ዝቅ ማድረግ ለራስ ሰበብ ማዘጋጀት ነው የሚል ነው። ሰበብና ማብራሪያን የሚለይ ግልጽ መስፈርት አለ፦ መቼ እንደተነገረ። ከውድድሩ በኋላ የመጣ ምክንያት ሰበብ ሊሆን ይችላል። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት የልምምድ መዝገቡ ታይቶ «በዚህ ኃይል እጋልባለሁ፣ በዚህ ፍጥነት እሮጣለሁ» ተብሎ የተጻፈ ዕቅድ ግን ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ሊፈተን የሚችል ትንበያ ነው። ከተሳካ ልምምዱ የቱን ያህል እንደሠራ ይነግራል፤ ካልተሳካም የቱ ላይ እንደሳተ ያሳያል። የተጋነነው ግብ ይህን ጥቅም አይሰጥም፤ ሲወድቅ ምንም አያስተምርም፣ ምክንያቱም መውደቁ ከመነሻው የታወቀ ነበር።

«ድሮም ለዚህ አልተፈጠረም» የሚለው ፍርድም በአንድ ድምር ሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። ያ ሰዓት ግን ሦስት ስፖርቶች፣ ሁለት የልብስና የመሣሪያ መቀየሪያ ጊዜዎችና አንድ ሆድ ተደምረው የሰጡት ቁጥር ነው። ስለዚህ መነጣጠል አለበት። ዋናው ብቻ ዘግይቶ ሌላው እንደታቀደው ከሄደ የጎደለው ስልት ነው፤ መፍትሔውም በሳምንት ጥቂት ጊዜ ወደ ውኃ መመለስ ነው። ሩጫው በመጀመሪያው ግማሽ ደህና ሆኖ በሁለተኛው ከወደቀ፣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት በብስክሌቱ ላይ የወጣው ኃይልና የልብ ምት ነው። ሆድ ታውኮ፣ ማቅለሽለሽ መጥቶ ከሆነም ራሱን የቻለ ምክንያት አለ፦ በረጅሙ ርቀት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወሰድ ይመከራል፤ ይህን ያህል እየተንቀሳቀሱ መፍጨት ግን አንጀት የሚለምደው ነገር ነው። ረጃጅም ልምምዶች ሲቀሩ አንጀትም ልምምዱ ቀርቶበታል፤ ይህንን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ክፍል እኩል፣ በጥቂት በመቶ ብቻ ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ያ ጥሩ ውድድር ነበር፤ ውጤቱ ያሳዘነው ከማይሆን ግብ ጋር ስለተነጻጸረ ብቻ ነው። መመዘኛው መሆን ያለበት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም ሳይሆን በትክክል የተሠራው ልምምድ ነው።

ለቀጣዩ ዝግጅት የሚረባው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ግብ መያዝ ነው፤ አንዱ ልምምዱ ሳይቋረጥ ከሄደ፣ ሌላው ከተቋረጠ። የትኛው እንደሚሠራ የሚወሰነው መነሻው መስመር ላይ በደመቀ ስሜት ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የአራት ሳምንት መዝገብ ተከፍቶ ነው። በውድድሩ ሳምንት ትኩሳት ከነበረ ወይም አረማመድን የሚለውጥ ሕመም ካለ ግን ሁለቱም ግቦች ይቀራሉ፤ አለመነሣት ነው። በትኩሳት ጊዜ ከባድ ልምምድ የልብ ጡንቻን ለብግነት ሊዳርግ ስለሚችል በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ የመመዝገቢያው ገንዘብ ቢቀር ይቅር።