ኮዱ «ዕቃ ግዛ» አይልም

ቢጫዋ የሞተር መብራት ዳሽቦርድ ላይ ስትበራ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ እንዳላየ ሆኖ ይነዳል። ሌላው ጋራዥ ገብቶ ኮምፒውተር ያስነብባል፤ «ኦክስጅን ሴንሰር» የሚል ቃል ሲሰማ ደግሞ ቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ! ዕቃው ይገዛል፣ ይታሰራል፣ መብራቱ ይጠፋል። ከሦስት ቀን በኋላ ያቺው መብራት ተመልሳ ቁጭ።

ነገሩ አሁን ይበልጥ ያሳስባል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያለችው አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልትሠራ ነው። በእሷ እንጀራ ለሚበላ ሹፌር ደግሞ ያለቦታው የተገዛ አንድ ዕቃ የስንት ቀን ገቢ እንደሚወስድ እሱ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ሴንሰሯ ምን እንደምትሠራ እንይ። ማርሚታው መስመር ላይ፣ ለሞተሩ ቀረብ ብላ የተጠመደች አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን ትለካና ለመኪናው ኮምፒውተር ትንሽ ቮልት ትልካለች። ወደ 0.9 ቮልት ስትጠጋ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ወደ 0.1 ስትወርድ አየር በዝቷል። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር እንዲደርስ ያስተካክላል። ሴንሰሯ ስትሞት በግምት ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ቤንዚን ያበዛል። መኪናዋ ትጠጣለች፣ ቆይቶም ማርሚታው ላይ ያለው ካታላይዘር ይበላሻል። እሱ ደግሞ ከሴንሰሯ በጣም ይወደዳል።

አሁን ወደ ኮዱ። ኮድ የሚናገረው ኮምፒውተሩ የቱ ጋ ችግር እንዳየ ብቻ ነው። ለምሳሌ ፒ0135 ማለት የፊተኛዋ ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው። መስመር ሲባል ፊውዙም፣ ሽቦውም፣ ሶኬቱም፣ ሴንሰሯም አለበት። ፒ0171 ደግሞ «አየር በዝቷል» ይላል። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሴንሰር መቀየር መጥፎ ወሬ ያመጣን መልእክተኛ እንደማባረር ነው።

ይህን በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከመሪው በታች ካለው ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ አለች፤ «ቶርክ» ከመሰለ አፕ ጋር ኮዱንም የሴንሰሯን ቮልትም በግራፍ ታሳያለች። አይፎን የያዛችሁ ግን ርካሾቹ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች ብዙ ጊዜ ስለማይሠሩላችሁ በዋይፋይ የሚገናኘውን ምረጡ። መኪናዋም ልትመልስ ይገባል፦ ይህ አሠራር አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ውስጥ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ ግዴታ የሆነ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች ሶኬቱ ኖሯቸውም ከአፑ ጋር ላይግባቡ ይችላሉ።

ኮዱ የሴንሰሯን ማሞቂያ ከከሰሰ፣ ከመግዛት በፊት የአሥር ደቂቃ ሥራ አለ። ፊውዙን እዩ። ማርሚታው አጠገብ የቀለጠ ወይም የተላጠ ሽቦ ፈልጉ። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሶኬቱን ንቀሉና በሴንሰሯ በኩል ያሉትን ሁለት የማሞቂያ ሽቦዎች በቴስተር ለኩ። ጤነኛ ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኦም በታች ያሳያል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ማሞቂያው ተቃጥሏል፤ ያኔ መግዛት ተገቢ ነው። ሴንሰሯ ከ300 ዲግሪ በላይ ካልሞቀች በደንብ ስለማትሠራ፣ ያለማሞቂያ ሞተር ሲነሳ ብዙ ትዘገያለች።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዷ ለመኪናችሁ የተሠራ ሶኬት ያላት ናት፤ ትወደዳለች፣ ግን ሰክቶ መሄድ ነው። ሌላዋ ሶኬት የሌላት፣ አራት ባዶ ሽቦ ያላት ናት። ርካሿ እሷ ናት፤ ጣጣውም ያለው እሷ ጋ ነው።

ጣጣው ቀለሙ ነው። ዴንሶ የሚሠራት ባለአራት ሽቦ ሴንሰር ላይ ሁለቱ ጥቁሮች ማሞቂያ ናቸው፣ ሰማያዊው መልእክት የሚወስደው፣ ነጩ የመልእክቱ ኔጌቲቭ። ቦሽ ላይ ግን ሁለቱ ነጮች ማሞቂያ፣ ጥቁሩ መልእክት፣ ግራጫው ኔጌቲቭ ነው። እንግዲህ የወጣችው ዴንሶ፣ የምትገባው ቦሽ ብትሆንና አንድ ሰው «ጥቁር ከጥቁር፣ ነጭ ከነጭ» ብሎ ቢያስር የማሞቂያው 12 ቮልት ከ1 ቮልት በታች በሚሄድበት ሽቦ ላይ ይለቀቃል። አዲሷ ሴንሰር እዚያው ትሞታለች፤ ኮምፒውተሩም ሊጎዳ ይችላል። ትክክሉ የአሮጌዋን ጥቁሮች ከአዲሷ ነጮች፣ ሰማያዊውን ከጥቁሩ፣ ነጩን ከግራጫው ማገናኘት ነው። ሌላ ብራንድ ከሆነ ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳያዩ አንድም ሽቦ አይቆረጥ። አንዳንድ ቶዮታዎች ፊት ላይ የሚይዙት «ኤር ፉል» የሚባለውን ሴንሰር ነው፤ እሱም አራት ሽቦ አለው፣ አሠራሩ ግን ሌላ ስለሆነ በተራ ኦክስጅን ሴንሰር አይተካም።

ሥራው ሲጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። አሮጌዋ በቁጥር 22 ቁልፍ ትፈታለች፤ ከደረቀች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ መጠበቅ ነው። ሶኬቷ ከጥቂት ሽቦ ጋር ተቆርጣ ለአዲሷ ትቀጠላለች። መቀጠያው በፒንሳ የሚጨመቅ ማያያዣ ይሁን፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማወዳደሪያ የሚሆናቸውን አየር በሽቦው ውስጥ ስለሚስቡ በካውያ መበየድ አይመከርም። አራቱ መቀጠያዎች አንድ ቦታ አይደርደሩ፣ ከፍና ዝቅ ይበሉ። ናስትሮ በሙቀት ስለሚለቅ በሙቀት የሚጠብ ፕላስቲክ ይሻላል። ሽቦው ማርሚታውን እንዳይነካ ራቅ ተደርጎ ይታሰር። ሴንሰሯ መጀመሪያ ትጠብቅ፣ ሶኬቱ በኋላ ይሰካ፤ አለዚያ ሽቦው ይጠማዘዛል።

ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ ሞተሩን አሙቁና ግራፉን ክፈቱ። የፊተኛዋ ኦክስጅን ሴንሰር በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ መውጣት መውረድ አለባት። አንድ ቦታ ተገትራ ከቀረች ሽቦው ወይም ሞተሩ ገና ይታይ። ከካታላይዘሩ በኋላ ያለችው ግን ረጋ ማለቷ ጤና ነው።

ሥራውን ራሳችሁ ባትሠሩት እንኳ መካኒኩን በትህትና ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ኮዱ ቁጥሩ ስንት ነው? ከመቀየሩ በፊት ምን ተለካ? አሮጌዋን ትሰጠኛለህ? ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በነዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ካለ መኪናዋን ይዞ ሌላ ጋራዥ መሄድ ይቻላል።