በካልሲየም የጠጠሩ የልብ ደም ቅዳዎች በካቴተር የሚሰጣቸው ሕክምና

የጠበበን የልብ ደም ቅዳ በካቴተር አማካይነት በፊኛ የማስፋት ሕክምና በሰው ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ያከናወነውም አንድሪያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ ከተማ ነበር። ቧንቧው ዳግም እንዳይጠብ ደግፎ የሚይዘው ስቴንት ከዚያ በኋላ ተጨመረ። ይሁን እንጂ በቧንቧው ግድግዳ የተከማቸው ስብ በካልሲየም ሲጠጥር ሁለቱም መሣሪያዎች ይቸገራሉ። ሁኔታው በተለይ በአረጋውያን፣ በስኳር ሕሙማንና ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል።

ፊኛው በጠጣሩ በኩል መስፋት ሲያቅተው ወደ ለስላሳው በኩል ስለሚወጠር ቧንቧውን ሊሰነጥቅ ይችላል። በሚገባ ሳይከፈት የቀረ ስቴንት ደግሞ ለደም መርጋትና ለዳግም መጥበብ ይዳርጋል። አንዴ የተተከለን ስቴንት ማረም አዳጋች በመሆኑ ዋናው ሥራ ስቴንቱ ከመተከሉ በፊት ቧንቧውን ማዘጋጀት ነው።

ለዚህም በቅድሚያ የካልሲየሙን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው የራጅ ምስል ጥልቀቱን በትክክል አያሳይም። በብርሃን በሚሠራ የቧንቧ ውስጥ ምስል ሲታይ ካልሲየሙ ከቧንቧው ዙሪያ ከግማሽ በላይ ከያዘ፣ ውፍረቱ ከ0.5 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱም ከ5 ሚ.ሜ. ከበለጠ ስቴንቱ በበቂ ሁኔታ ላይከፈት እንደሚችል ይገመታል።

ካልሲየሙ መለስተኛ ከሆነ ከፍተኛ ግፊት የሚችል ወይም ስለት ያለው ፊኛ ሊበቃ ይችላል። ፊኛ ጨርሶ ማለፍ በማይችልበት ጥበት ግን በአልማዝ ብናኝ የተለበጠ መፋቂያ በደቂቃ ከ140,000 እስከ 180,000 ጊዜ ገደማ እየተሽከረከረ መንገድ ይከፍታል። በጥልቀት የተቀመጠውን ካልሲየም ለመሰንጠቅ ደግሞ የኩላሊት ጠጠርን ከሚሰብረው ሕክምና የተወሰደ ዘዴ አለ። በፊኛው ውስጥ ባለው ፈሳሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የግፊት ሞገድ ይፈጥራል፤ ፊኛው ግን የሚነፋው በዝቅተኛ ግፊት ነው። ይህ ዘዴ ለልብ ደም ቅዳ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

መፋቂያው የደም ፍሰትን ሊያዘገይ፣ አልፎ አልፎም ቧንቧን ሊበሳ ስለሚችል ለሁሉም ሕመምተኛ አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው፣ 2,000 ያህል ሕሙማንን ያካተተው ኤክሊፕስ የተባለ ጥናት እንዳመለከተው፣ በፊኛ ማዘጋጀት በሚቻልበት ጊዜ በምሕዋር የሚሽከረከረውን መፋቂያ በዘልማድ መጠቀም በአንድ ዓመት ውስጥ የተሻለ ውጤት አላስገኘም። ስለሆነም መሣሪያውን የሚወስነው የካልሲየሙ መጠንና አቀማመጥ እንጂ የመሣሪያው አዲስነት ሊሆን አይገባም፤ ፊኛው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈትም ስቴንት አይተከልም።