የዓሣን እንቁላል የሚያሞቀው ውሃው ነው

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዓሣ እንቁላልና ስለ ውሃ ሙቀት ነው። በዲማና በአካባቢው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ለማርባት ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። አለዚያ ድካሙም ገንዘቡም ከንቱ ይቀራል።

ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ በገላዋ ታሞቃለች። በ21 ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። ዓሣስ? የዓሣ ገላ እንደ ውሃው ነው። ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፤ ሲበርድ ይበርዳል። በጣና ሐይቅ የሚገኘው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ከጠላት ታድነዋለች እንጂ አታሞቀውም። የሚያሞቀው ውሃው ነው።

በእንቁላሉ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ሁለት ትሆናለች። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። እንዲህ እያለ ዓይን ይወጣል፤ ልብ ይመታል፤ ጅራት ይንቀሳቀሳል። ይህ ሥራ እንደ ሊጥ ነው። ሊጥ በሙቀት ቶሎ ይቦካል፤ በክረምት ብርድ ይዘገያል።

ሙቀት የሚለካው በዲግሪ ነው። የጤነኛ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ያህል ነው። የአምባዛ እንቁላል በ28 ዲግሪ ውሃ በ1 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። በ20 ዲግሪ ግን ከ2 ቀን በላይ ይፈጃል።

ታዲያ ሙቀት ሲበዛ ይሻላል ወይ? አይሻልም! ውሃ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚይዘው አየር ያንሳል። እንቁላሉ ይታፈናል፤ ወይም ጀርባው የጎበጠ ዓሣ ይወጣል። ብርድ ሲበዛ ደግሞ እንቁላሉ ይሞታል፤ ይሻግታል።

ሁሉም ዓሣ አንድ ዓይነት ሙቀት አይፈልግም። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ብርድ ይወዳል። እንቁላሉ በ10 ዲግሪ ውሃ በ1 ወር ገደማ ይፈለፈላል። ቆሮሶ ግን ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን አይራባም። በደጋ ኩሬ ቢኖርም ልጅ አይሰጥም። አሥግራችሁ ስትጨርሱ ኩሬው ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ ኩሬ ከመቆፈራችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን ውሃ ማለዳና ከሰዓት በኋላ ለኩ። ኩሬውን ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ቆፍሩ። ጥልቀቱ 1 ሜትር ያህል ይሁን፤ ጥልቅ ያልሆነ ውሃ ሌሊት ቶሎ ይበርዳል። ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ሌት ተቀን አይግባበት። የግብርና ባለሙያንም አማክሩ።

ጥያቄዎች፦
1. የዓሣን እንቁላል የሚያሞቀው ምንድን ነው?
2. ውሃ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንቁላሉ ምን ይሆናል?
3. በደጋ ኩሬ ቆሮሶ የማይራባው ለምንድን ነው?