«ውርደት» ስለሚለው ቃል

ክብርን ማጣት በግእዝ «ኀሳር» ይባላል። በአማርኛ ግን «ውርደት» እንለዋለን። ቃሉ የተገኘው «ወረደ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ይኸውም ከላይ ወደ ታች መጣ ማለት ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰዎች ይህን ቃል ያለ ቦታው ሲናገሩት እንሰማለን። የሸማኔ ልጅ መባልን፥ የተጣፈ ልብስ መልበስን፥ ይቅርታ መለመንን ውርደት ይሉታል። ድኽነትስ ሰውን አያዋርድም፤ የሚያዋርደው ኃጢአት ነው እንጂ። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተነገረለት የጠፋው ልጅ የተዋረደው እሪያ በጠበቀ ጊዜ አይደለም፤ የአባቱን ቤት ንቆ በወጣ ጊዜ ነው። ተመልሶ ልጅ መባል እንደማይገባው በተናገረ ጊዜ ግን ልብስ፥ ቀለበትና ጫማ ተሰጠው።

ደግሞም በጸሎተ ሃይማኖት ጌታችን ስለ እኛ ከሰማይ መምጣቱን የምንመሰክርበት ግሥ ይኸው «ወረደ» ነው። እርሱ በፍቅር ወረደ፤ ክብሩም አልጎደለም። ስለዚህ በትዕቢት መውደቅ ውርደት ነው፤ በፍቅር ዝቅ ማለት ግን ትሕትና ነው፤ ትሕትናም ያከብራል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ የበደለች ልጃችሁ እያለቀሰች ከደጃችሁ ብትቆም፥ «አዋረደችን» ብላችሁ በር አትዝጉባት። የዚያ ልጅ አባት ሮጦ ልጁን አቀፈው፤ በመሮጡም አልተዋረደም። ውርደትስ የተመለሰውን ሰው ከደጅ መመለስ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።