አርክ፦ ታቦት በጌም ውስጥ

ጌም ቤት ገብቶ ጆይስቲክ የሚጨብጥ የድሬዳዋ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚከፍተው ኳስ ነው። አርክን ለማግኘት ግን ትዕግሥት የሚፈልግ ሌላ ጌም መጀመር ያስፈልጋል፤ የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ለፕሌይስቴሽን ያወጣውን ፋይናል ፋንታሲ 9ን።

አርክ መጀመሪያ የሚመጣው ጠላት ሆኖ ነው። ኩጃ የተባለው ክፉ ሰው ጀግናውን ዚዳንን ኦይልቨርት ወደሚባል ጥንታዊ ፍርስራሽ ድንጋይ አምጣልኝ ብሎ ይልከዋል። ራሱ የማይሄደው እዚያ አስማት ስለማይሠራ ነው። ዚዳን እውስጥ ሲደርስ አርክ ይጠብቀዋል። ኋላ ላይ ደግሞ ልዕልት ጋርኔት ፑሚስ ከሚባል ድንጋይ ጥሪውን ተምራ ለራሷ ታዘዋለች። ያኔ ግዙፍ የሚበር መርከብ ሆኖ ይመጣና ክፍሎቹ ተገለባብጠው፣ ተገጣጥመው ሰው መሰል ብረት ይሆናል፤ ከዚያ ይተኩሳል። የጥቃቱ ስም «ዘላለማዊ ጨለማ» ነው። ትዕይንቱ ከመርዘሙ የተነሳ እስኪያልቅ ቡና ይፈላል ብል አጋነንኩ፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም።

«አርክ» በእንግሊዝኛ መርከቡም ታቦቱም ነውና፣ መልኩን ከኖኅ መርከብ፣ ግርማውን ከሙሴ ታቦት የወሰደ ይመስለኛል። ግርማው የሚያስመኝ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ታቦቱ የታዘዘው ከግራር እንጨት ነው፤ በድሬ ዙሪያ ገና ከከተማ ሲወጡ ከሚታየው የዛፍ ዘር። ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ 1 ክንድ ተኩል፣ ውስጡም ውጭውም በወርቅ የተለበጠ። እስራኤላውያን ኢያሪኮን ሲዞሩ ታቦቱ ከካህናቱ ጋር ነበር፤ ጣዖቱ ዳጎን በፊቱ ተደፋ፤ ዘንበል ሲል ልደግፈው ያለው ዖዛ ተቀሠፈ። ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ፣ በጣሉት (በሳኦል) ንግሥና ታሪክ ውስጥ ያነሳዋል። ይህን ሁሉ የሰማ ጌም ሠሪ የጦር መሣሪያ ቢታየው አልፈርድበትም።

የረሳው ግን መሸፈኑን ነው። በጥምቀት ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ፣ በወርቀ ዘቦ ተሸፍኖ፣ ጥላ ተዘርግቶለት ሲያልፍ ወጣቶች የተረገጠውን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው ወደፊት ይሮጣሉ፤ እናቶች እልል ይላሉ፤ ከጨርቁ ሥር ያለውን ግን ማንም አያይም። በአክሱም ጽዮንም ጽላተ ሙሴን የሚያየው ጠባቂው መነኩሴ ብቻ ነው ይባላል። በታኅሣሥ 19 በድሬ አልፎ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ምዕመን ስለቱን የሚያስገባው በዓይኑ ላላየው ነገር ነው።

አርክ በተቃራኒው ሁለመናው ተገልጦ፣ ብሎኑ ሳይቀር ይታያል። መጀመሪያ ሲጠራ አፍ ያስከፍታል፤ ሦስተኛ ጊዜ ላይ «ቶሎ በል!» ያሰኛል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ እንደ ማሽን ድንቅ፣ እንደ ታቦት ግን ግማሽ።

ጌሙ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በስልክም ስለሚገኝ ፕሌይስቴሽን ፍለጋ መዞር የለም። ለመሞከር ካሰባችሁ አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ ኦይልቨርት ስትገቡ አስማተኛውን ቪቪን ተዉት፤ ሰይፍ የሚመዘውን ስታይነርን አስከትሉ።