የንግድ ማዕቀብን መጣስ በወንጀል የሚያስጠይቀው እንዴት ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፀጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ የሚጥለው በድርጅቱ ቻርተር አንቀጽ 41 መሠረት ሲሆን፣ አባል አገራት ውሳኔውን የማክበር ግዴታ በአንቀጽ 25 ተጥሎባቸዋል። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ማዕቀብ ጥሶ ዕቃ ያቀረበ ነጋዴን የሚከስ የራሱ ዐቃቤ ሕግ የለውም። ክሱ የሚመሠረተው በየአገሩ ሕግ ነው።

ኢትዮጵያ ማዕቀብን ከሁለቱም ወገን ታውቀዋለች። የመንግሥታቱ ማኅበር ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በወራሪዋ ኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ቢጥልም፣ ነዳጅ ከተከለከሉት ዕቃዎች ውጪ በመደረጉ የጦርነቱን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ያለ ተጠያቂነት ሲሸጥ ቆይቷል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ወቅት ደግሞ ምክር ቤቱ ግንቦት 9 ቀን 1992 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1298 በሁለቱም አገራት ላይ ለ12 ወራት የሚቆይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጥሏል። ክልከላው መለዋወጫንና የቴክኒክ ሥልጠናንም ያካተተ ነበር።

በፍርድ ቤት ከታዩ ጉዳዮች መካከል የሆላንዳዊው የጣውላ ነጋዴ የጉስ ካውንሆቨን ክስ ይጠቀሳል። ግለሰቡ በላይቤሪያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ጥሶ የጦር መሣሪያ በማቅረብና በጦር ወንጀል ተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2017 በሆላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ19 ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 መሠረት በሕግ ወንጀል ተብሎ ያልተደነገገ ድርጊት አያስቀጣም። ስለሆነም የምክር ቤቱ ውሳኔ ብቻውን ለክስ በቂ ባለመሆኑ የአገር ውስጥ ሕግ ያስፈልገዋል። ለአብነትም ደንብ ቁጥር 306/2006 የአሸባሪዎች ንብረት የሚታገድበትን ሥርዓት ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን ወንጀል አድርጓል።

ጉዳዩ በሐዲያ ዞን በሞርሲቶ ከተማ ለሚያገለግል የመንግሥት ሠራተኛ የሩቅ ቢመስልም፣ ማዕቀብ ብዙውን ጊዜ የሚጣሰው በማኅተምና በፊርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩክሬን የተላከ 68 ቶን የጦር መሣሪያ በቡርኪናፋሶ የመጨረሻ ተጠቃሚ ምስክር ወረቀት ተጓጉዞ ወደ ላይቤሪያ መሻገሩን የድርጅቱ የባለሙያዎች ቡድን አረጋግጧል። የዕቃውን ዓይነት፣ ትክክለኛ ተረካቢውንና መድረሻውን ሳያጣሩ ሰነድ አለመፈረም፣ ሠራተኛውንም አገሩንም ከተጠያቂነት የሚጠብቅ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።